መርፌው ከመወጋቱ በፊት ስለ እናት ወገን ጠይቁ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ በጤና ዓምድ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ክትባትና ስለ ባለሙያ እጥረት ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ በሙሉ ልቤ እስማማለሁ። አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን አልዋጥ አለችኝ። «በተላላፊ በሽታ ላይ የዘረመል ምርመራ ቅንጦት ነው፤ ተሐዋሲው ለሁሉም አንድ ነው፣ መድኃኒቱም ለሁሉም አንድ ነው» ትላለች። ተሐዋሲው አንድ ሊሆን ይችላል። የሚያርፍበት ሰው ግን አንድ አይደለም፤ መድኃኒቱ የሚገባበት ሰውነትም እንደዚያው። ይህን የምጽፈው ብዙ ዓመት በላቦራቶሪ ስሠራ፣ አክታና ደም ስመረምር ስለኖርኩ ብቻ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ መስማት ሲያቆም አጠገቡ ስለነበርኩ ጭምር ነው።

ወንድሜ ያኔ 19 ዓመቱ ነበር። ቲቢ ይዞት ከዳነ በኋላ አገረሸበትና ሁለተኛ ዙር ሕክምና ተጀመረለት። በዚያ ዘመን ይህ ሕክምና ከእንክብሎቹ ጋር ለሁለት ወር ስትሬፕቶማይሲን መወጋትን ይጨምር ነበር። መጀመሪያ «ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት አለ» አለን። ከዚያ ስንጠራው ዘግየት ብሎ መዞር ጀመረ። መርፌውን ለሚወጋው ባለሙያ ብንነግረው «ድካም ነው፤ በሽታው ሲለቀው አብሮ ይለቀዋል» አለን። እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ አመንኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋው ላይ ተጋድሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት ሲያይ ቆየና «ይኼ ሰዓት ከመቼ ጀምሮ ነው የቆመው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰዓቱ አልቆመም። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፁ እስከ በሩ ድረስ ይሰማል፤ ወንድሜ ራሱ ድሮ እንቅልፍ ነሳኝ እያለ የሚያማርርበት ሰዓት ነው። ምንም ሳልመልስለት አውርጄ ጆሮው ሥር አደረግሁለት። ፊቱ ላይ ምንም አልታየም። ሰዓቱን በመዳፉ ተቀብሎኝ ንዝረቱ እጁ ላይ ሲሰማው ነው ክው ያለው።

መርፌው ተቋረጠ። ቲቢው በሌሎቹ መድኃኒቶች ዳነ፤ አክታው ነጻ ሆነ፤ ካርዱ ላይ «ድኗል» ተብሎ ተጻፈ። መስማቱ ግን አልተመለሰም። ስለ ጆሮው ካርዱ ላይ አንዲት ቃል የለችም።

ከዚያ በፊት አጎታችን፣ የእናቴ ወንድም፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ አይሰሙም ነበር። በቤተሰባችን ሲነገር የኖረው ክፉ ትኩሳት ይዟቸው በመርፌ ሲታከሙ ከርመው ትኩሳቱ ጆሯቸውን እንደዘጋው ነው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ፣ የእናቴ እህት ልጅ ማለቴ ነው፣ በጨቅላነቷ ሆስፒታል ተኝታ ከወጣች በኋላ ቃል ሳትናገር ቀረች፤ ለካ የማትናገረው ስለማትሰማ ነው። ሁለቱም ላይ የተፈረደው በትኩሳቱ ነው። መርፌውን የጠረጠረ የለም። የወንድሜ ነገር ሲጨመርበት ደግሞ ሦስቱም በእናት ወገን የሚገናኙ መሆናቸውን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። እኔም ልብ አላልኩም፤ ይህ ዛሬም ይቆጨኛል።

የሚያስቆጨው ነገሩ በሳይንስ የማይታወቅ ባለመሆኑ ነው። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በህዋሳችን ውስጥ ኃይል የሚያመርቱ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ክፍሎች አሉ። የራሳቸው ትንሽ ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር መረጃ በፊደል የተጻፈበት ሰንሰለት፣ አላቸው፤ እሱም የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ጥንት መነሻቸው ባክቴሪያ ነው። ስትሬፕቶማይሲን፣ ጄንታማይሲን፣ ካናማይሲንና አሚካሲን ያሉበት የመድኃኒት ወገን ደግሞ ባክቴሪያን የሚያጠቃው ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞሙን ይዞ ሥራውን በማበላሸት ነው። የኛ ሚቶኮንድሪያ ራይቦዞም ከባክቴሪያው ትንሽ ስለሚለይ አብዛኛው ሰው ከዚህ ይተርፋል። በሚቶኮንድሪያው ዲኤንኤ 1555ኛው ቦታ ላይ ኤ የምትባለው ፊደል በጂ ከተተካች ግን ያ ትንሽ ልዩነት ይጠፋል፤ መድኃኒቱ የሰውየውን ህዋስ እንደ ባክቴሪያ ይይዘዋል። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ህዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ ምትክ የላቸውም።

እዚህ ላይ እንዳልሳሳት አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ መርፌዎች በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከተወሰዱ የማንንም ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ። ይህ ለውጥ ያለበት ሰው ግን በተለመደው መጠን፣ አንዳንዱም በጥቂት መርፌ ብቻ መስማት ሊያቆም ይችላል።

ወንድሜ 31 ዓመት ሲሞላው፣ በሥራዬ ምክንያት የተዋወቅኋቸው አንድ ተመራማሪ የሁለታችንንም ደም አስመረመሩልን። ውጤቱ በሁለታችንም ላይ አንድ ሆነ፤ ያቺ አንዲት ፊደል እሱም ጋ አለች፣ እኔም ጋ አለች። እኔ የምሰማው መርፌውን ስላልተወጋሁ ነው። ወንድ ለልጆቹ ሚቶኮንድሪያ ስለማያወርስ የእሱ ልጆች ነጻ ናቸው። የእኔ ሦስት ልጆች ግን ሦስቱም ወርሰውታል፤ ሁለቱ ሴቶች ደግሞ ለልጆቻቸው ያወርሳሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አራታችንም ቦርሳችን ውስጥ ጠንካራ ወረቀት ይዘን እንዞራለን። በቀይ እስክሪብቶ የአራቱ መድኃኒቶች ስም ተጽፎበታል፤ ከሥሩ «ሌላ ምርጫ እያለ ለዚህ ሰው አይሰጥ» ይላል። ማንም ያዘዘን አልነበረም፤ ራሴ ጽፌ፣ ራሴ በፕላስቲክ ያስለበጥኩት ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ስንት ዓመት ስመረምረው የኖርኩት ነገር ሌላ መልክ ያዘብኝ። ከአንድ ቤት አምስት ሰው አክታ ይዞ ይመጣል። አንድ ክፍል ውስጥ የሚያድሩ፣ አንድ አየር የሚተነፍሱ ናቸው፤ አንዱ ስላይድ በቀይ ባክቴሪያ ይሞላል፣ አራቱ ባዶ ናቸው። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ በቲቢ ባክቴሪያ እንደተለከፈ ይገመታል፤ በዕድሜው ዘመን የሚታመመው ግን ከተለከፉት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ነው። ኤችአይቪ፣ የምግብ እጥረት፣ ስኳር፣ የመኖሪያ ቤት መጨናነቅ ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን እነሱ ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1988 በዴንማርክ በጉዲፈቻ ያደጉ ሰዎች ላይ የወጣው ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ወላጅ አባቱ ወይም እናቱ 50 ዓመት ሳይሞላቸው በተላላፊ በሽታ የሞቱበት ልጅ፣ ሌላ ቤት ቢያድግም እንኳ፣ እሱም በተላላፊ በሽታ የመሞት ዕድሉ ከሌላው ወደ ስድስት እጥፍ የቀረበ ነበር። አሳዳጊዎቹ በዚያው በሽታ ቢሞቱ ይህ አልታየም። አብሮ የኖረው ቤት አይደለም እንግዲህ፤ የተወረሰው ነው።

መድኃኒቱም «ለሁሉም አንድ ነው» የሚለውን የማልቀበለው ከወንድሜ ታሪክ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጠዋት የሽንት ብልቃጥ ቀረበልኝ። ቀለሙ እንደ ጥቁር ሻይ ነው። መጀመሪያ ናሙና የተቀያየረ መስሎኝ ስሙን ደግሜ አየሁ። ባለቤቱ የ8 ዓመት ልጅ ነው፤ ቫይቫክስ በሚባለው የወባ ዓይነት ታሞ ከሦስት ቀን በፊት ፕሪማኪን የሚባለውን የወባ መድኃኒት ጀምሯል። ልጁን ስናየው የዓይኑ ነጭ ቢጫ፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ደሙን ስለካው ሄሞግሎቢኑ ከግማሽ በላይ ወርዷል። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም ይጎድለው ነበር፤ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ያንን የመረመረለት አልነበረም። ደም ተሰጥቶት ተረፈ። እናቱ «ለወባው ሰጥታችሁት ደሙን ጨረሳችሁት» ስትል የምመልስላት አልነበረኝም።

ይህ ጉድለት በዓለም ላይ 400 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ሰው ላይ እንዳለ ይገመታል። ኢንዛይሙ ቀይ የደም ህዋስን ከኦክሲጅን ቃጠሎ የሚጠብቅ ነው። ፕሪማኪን በጉበት ውስጥ የተደበቀውን የቫይቫክስ ዘር ሲያጠፋ ህዋሱ ላይ ያንን ቃጠሎ ያበዛል፤ ጠባቂ የሌለው ህዋስ ይፈነዳል። ከእ.ኤ.አ. 1956 ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ነው። መድኃኒቱን መከልከልም መፍትሔ አይደለም፤ ካልተሰጠ ወባው ደጋግሞ ሊመለስ ይችላል። መጠኑንና አወሳሰዱን መለወጥ ነው። ጉድለት የሌለበት ሰው ለ14 ቀን በየቀኑ ይወስዳል፤ ጉድለት ያለበት ደግሞ በሐኪም ክትትል በሳምንት አንድ ጊዜ ለ8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። እዚህ ጋ ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ጂኑ ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው ወይ አለው ወይ የለውም። ሁለት ዓይነት ኤክስ ያላት ሴት ግን ግማሽ ህዋሷ ደህና፣ ግማሹ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። ቀለም በመለወጥ ብቻ «አለ፣ የለም» የሚለው ፈጣን መመርመሪያ እንዲህ ያለችውን ሴት ደህና ናት ብሎ ሊያሳልፋት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተፈቀደው ታፌኖኪን የሚባል ተመሳሳይ የወባ መድኃኒት አንድ ጊዜ ከተዋጠ በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት የሚቆይ ስለሆነ፣ ከመሰጠቱ በፊት የኢንዛይሙ መጠን በቁጥር ተለክቶ ከ70 በመቶ በላይ መሆን አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ልጥቀስ። አባካቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ከ100 ሰው ከ5 እስከ 8 በሚሆኑት ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ያመጣ ነበር። ኤችኤልኤ-ቢ 57፡01 የሚባለውን የጂን ዓይነት የተሸከሙትን አስቀድሞ መለየት እንደሚበቃ ወደ 2,000 በሚጠጉ ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲታተም፣ ከተመረመሩት መካከል በቆዳ ምርመራ የተረጋገጠ አለርጂ የገጠመው አንድም ሰው አልነበረም። ለቲቢ የምንሰጠው ኢሶኒያዚድ ደግሞ ናት2 በሚባለው ኢንዛይም ነው የሚፈጨው። ኢንዛይማቸው አዝጋሚ የሆነባቸው ሰዎች ውስጥ መድኃኒቱ ይከማቻል፤ እጅ እግራቸው ሊደነዝዝ፣ ጉበታቸው ሊጎዳ ይችላል። ፈጣን የሆነላቸው ደግሞ መድኃኒቱ በደንብ ሳይሠራ ከሰውነታቸው ሊወጣ ይችላል። በጃፓን መጠኑ በዚህ ልዩነት ተወስኖ ሲሰጥ የጉበት ጉዳቱም የሕክምናው መክሸፍም ቀንሷል።

ጸሐፊው የሰጉበት ነገር ስለመኖሩ አልክድም። ዘረመል ስንል ብዙ ሰው «ዘር» የሚለውን ቃል ነው የሚሰማው፤ ከዚያም «የእኛ ደም ይህን በሽታ አይቀበልም» ወደማለት ይሄዳል። ይህ አደገኛ ነው። ዳፊ የሚባለው ምልክት በቀይ ደም ህዋሳቸው ላይ የሌለባቸው ሰዎች ቫይቫክስ ወባ እንደማይዛቸው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲታወቅ፣ የብዙ አፍሪካ አገሮች ሕዝብ ከዚህ ወባ ነጻ ነው ተብሎ ነበር። በኋላ ግን በማዳጋስካርም፣ በኢትዮጵያም፣ በሌሎች አገሮችም ዳፊ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥ ቫይቫክስ ተገኘ። የማጭድ ቅርጽ የደም ህዋስ ጂንን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ልጅ ከከባድ ወባ በእጅጉ ይጠበቃል፤ ከሁለቱም ከወረሰ ግን ዕድሜ ልክ የሚያሠቃይ በሽታ ይይዘዋል። ያው ጂን ነው። በደም የሚመካ ሰው ይህን አይቶ ቢያርፍ ደስ ይለኛል። እኛ ቤት ራሱ አንድ እናት የወለደችን ነን፤ እኔን የለየኝ ያልተወጋሁት መርፌ ነው።

ደግሞ የዘረመል ምርመራ ሁሉ ለዘላለም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2009 የሄፓታይተስ ሲ ታካሚዎች ኢንተርፌሮን በሚባለው መድኃኒት ይድኑ እንደሆነ የሚናገር ምርመራ ተገኝቶ ብዙ ተወርቶለት ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ሁሉንም ዓይነት ሰው የሚያድኑ እንክብሎች መጡና ምርመራው ሥራ ፈታ። በቲቢም እንዲሁ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወንድሜ የወሰደው ዓይነት ሁለተኛ ዙር ሕክምና እንዲቀር አድርጓል፤ መድኃኒት ለተላመደው ቲቢም ካናማይሲን አሁን አይመከርም፣ በእንክብል ተተክቷል። ከሁሉ የሚሻለው እንዲህ ያለው ነው፤ ሰው ሳይመረጥ የሚበጅ መድኃኒት ሲገኝ።

ጄንታማይሲን ግን አልቀረም። በደም መመረዝ የሚያዙ ጨቅላዎች ዛሬም በመላው ዓለም በመጀመሪያው ሰዓት የሚወጉት ነው፤ ሕይወት ያተርፋል። ስለዚህ እናቶች ይህን ደብዳቤ አንብበው መርፌውን እምቢ እንዲሉ አልፈልግም። አጥብቄ ነው የምለው። የማይሰማ ልጅ ይኖራል፤ ያልታከመ ጨቅላ ይሞታል። እኔ የምለው እንዲጠየቅ ነው። በእንግሊዝ ማንቸስተርና ሊቨርፑል የጨቅላዎች ክፍል ውስጥ ከሕፃኑ ጉንጭ በጥጥ በተወሰደ ናሙና በ26 ደቂቃ ውስጥ ያቺን 1555ኛ ፊደል የሚያነብ መሣሪያ ተሞክሮ፣ መድኃኒቱን ሳያዘገይ እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ለውጡ የተገኘባቸው ሕፃናት ሌላ መድኃኒት ተሰጣቸው። መሣሪያው ሁሉም ቦታ እስኪደርስ ድረስ ግን በነጻ የሚገኝ ምርመራ አለ፤ እሱም አንድ ጥያቄ ነው። «በእናትዎ ወገን መርፌ ተወግቶ ወይም በትኩሳት ታሞ መስማት ያቆመ ሰው አለ?» ይህ ጥያቄ ካርድ ላይ ከአለርጂው ጥያቄ ሥር ቢታተም አንድ መሥመር ነው የሚወስደው። ወንድሜ ያን ጊዜ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ አጎታችንን ይጠቅስ ነበር።

ፕሪማኪን ከመታዘዙ በፊት የጂ6ፒዲ ምርመራ ይደረግ፤ ለሴቶች በቁጥር የሚለካው ይሁን። ጉድለት የተገኘበት ሰው ደግሞ በቃል ብቻ ተነግሮት ወደ ቤቱ አይሂድ። የሚይዘው ወረቀት ይሰጠው፣ ወንድሞቹና እህቶቹም ይጠሩ። የኛ ቤተሰብ ወረቀት በእጅ የተጻፈ መሆን አልነበረበትም።

በመጨረሻ ስለ ጥናቱ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ ቆጠራ፣ ጂኖችን ከበሽታ ጋር ለማዛመድ በተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች ውስጥ ከተሳተፉት ሰዎች 81 በመቶ የሚሆኑት የአውሮፓ ትውልድ ያላቸው ነበሩ፤ የአፍሪካ ትውልድ ያላቸው 3 በመቶ ገደማ ብቻ። በሰው ልጅ ውስጥ ሰፊው የዘረመል ልዩነት ያለው ግን አፍሪካ ውስጥ ነው። የዘረመል ምርመራ ቅንጦት ነው የሚለው ሐሳብ ተቀባይነት ባገኘ ቁጥር ይህ ቁጥር ባለበት ይቀራል፤ የሌላው ሰው መጠን ለእኛም ልክ ነው ተብሎ ይሰጠናል።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለወንድሜ አሳየሁት። ዛሬ 41 ዓመቱ ነው፤ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው አነበበው። ፉጨቱ የጀመረው «ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው» ብዬ ጽፌ ነበር፤ እስክሪብቶዬን ተቀብሎኝ ሰረዘውና ከላዩ «በ11ኛው መርፌ» ብሎ ጻፈበት። እኔ የቀናቱን ብዛት በትክክል ስለማላስታውስ የጻፍኩትን ከላይ አውጥቼዋለሁ፤ የእሱ እርማት ግን እዚህ እንዳለ ይታተምልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የላቦራቶሪ ባለሙያና የሦስት ልጆች እናት